ላም አለኝ በሰማይ፣ ቤትም አለኝ በሰማይ

በአገራችን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ሰማይ ላይ ንብረት እንደሌለ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። እዚህ ሮም ግን ሰማይ ላይ ንብረት አለ። ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። መለኪያው ሜትር ኩብ ነው፤ ጣልያኖች «ኩባቱራ» ይሉታል። አንድ ባለመሬት በማስተር ፕላኑ ሦስት ፎቅ ብቻ እንዲሠራ ተፈቅዶለት ሳለ ኮሙኔው መጥቶ «አምስት አድርገው» ቢለው፣ ሁለቱ ፎቅ ከየት መጡ? ሰውየው በገንዘቡ አልገዛቸውም፤ ከአባቱም አልወረሳቸውም። በአንድ ፊርማ ከሰማይ ወረዱለት። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሰማይ ነው። ማን ይሸጠዋል? ማን ይገዛዋል? ከሽያጩስ ለእኛ ቢጤው ምን ይደርሰዋል?

ውድ አንባብያን፣ «ይህ የባለፎቆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ያገባናል። ዛሬ በብዙ አገር መንግሥታት ለድኻ የሚሆን ቤት ከራሳቸው ካዝና መሥራቱን ቀንሰው፣ ለባለሀብቱ ተጨማሪ ፎቅ እየሰጡ «ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን በርካሽ አከራይልን» ማለትን መርጠዋል። ስደተኛ የትም አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ሥራ ነው፤ ቀጥሎ ቤት። ሥራውን በጉልበቱ ያገኘዋል። ቤቱ ግን ጉልበት ብቻ አይበቃውም። ስለዚህ ለድኻ ይሠራል የተባለው ቤት በምን ሥርዓት እንደሚገኝ ማወቅ ለእኛ እንደ ቋንቋ መማር ያለ ግዴታ ነው።

ነገሩን በሮማኒና እንየው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሮማኒና በሮም ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ የሜትሮው ሀ መሥመር ከሚያልቅበት ከአናኒና ባሻገር፣ ከራኮርዶው ማዶ ያለ ሰፈር ነው። በአንድ በኩል ትልቅ የገበያ ማዕከል፣ በሌላ በኩል የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ አለ። በመካከሉ ደግሞ ሰፊ ባዶ ሜዳ። ይህ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በጸደቀው የሮም ማስተር ፕላን ላይ ከከተማዋ አዳዲስ ማዕከሎች አንዱ እንዲሆን ተመድቧል። መሥሪያ ቤት፣ መኖሪያ፣ መናፈሻ ይሠራበታል ተባለ። የመሬቱ ባለቤት ወገን በበኩሉ ፕላኑ ከሚፈቅደው በላይ ኩባቱራ፣ በተለይም የመኖሪያ ቤት ኩባቱራ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ በምላሹ ሜትሮው እስከዚያ እንዲደርስ ገንዘብ እንደሚያዋጣ ተነገረ። ክርክሩ ከአንዱ ከንቲባ ወደ ሌላው ሲንከባለል ኖረ። ሜትሮው ግን ዛሬም አናኒና ላይ ይቆማል።

ከዚሁ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በቪያ አሪጎ ካቫልዬሪ፣ ሁላችንም የምናውቀው ሕንፃ ቆሟል፤ ሰላም ፓላስ። ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረበት፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ሕንፃ ነው። ዩኒቨርሲቲው ለቆት ባዶውን ቆሞ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ገቡበት። አብዛኞቹ ጥገኝነት ያገኙ፣ ፔርሜሶ በኪሳቸው ያለ ሰዎች ናቸው። ጣልያን «ስደተኛ ናችሁ፣ ከለላ ይገባችኋል» ብሎ ወረቀት ሰጣቸው፤ የት እንደሚያድሩ ግን አልነገራቸውም። የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር የነበሩት ኒልስ ሙዥኒየክስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ሕንፃውን ጎብኝተው ነበር። በሪፖርታቸው 800 ያህል ሰው እንደሚኖርበት፣ 250 ያህል ሰውም አንድ ሽንት ቤትና አንድ ሻወር እንደሚጋራ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ሕንፃው በፖሊስና በወታደር ተከቦ ተዘጋ። ያን ሰሞን የጣልያን ጋዜጦች ሁሉ ሰላም ፓላስን አወቁት። ከዚያ በኋላ ረሱት።

ጋዜጠኛ የነበረ ሰው በስደት የሚተርፈው ሙያ ወረቀት ማንበብ ነው። እኔም ወደ ሰላም ፓላስ ስሄድ የኖርኩት ከኩዌስቱራ፣ ከኮሙኔና ከጤና ጣቢያ የመጡ ደብዳቤዎችን ለሰው ለማንበብ ነው። አንድ ቀን ከጎንደር የመጡ፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ሴትዮ ደብዳቤያቸውን አንብቤ ስጨርስ፣ ለዕቃ መጠቅለያ ያስቀመጡትን የጣልያንኛ ጋዜጣ ዘረጉልኝ። «ሃውዚንግ ሶቻሌ» የሚል ርዕስ ነበረው።

«ወንድሜ፣ ይኼ በርካሽ ይከራያል የሚሉት ቤት እኛንም ይጨምራል?»

«እትዬ፣ ስደተኛ አይገባም አይልም» አልኳቸው።

«አይገባም ካላለ ታዲያ ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ሬዚዴንሳ አምጡ ነው የሚለው።»

ሳቁ፤ የብስጭት ሳቅ። «እዚህ ነው የምኖረው ስል፣ በሕገ ወጥ ገብተሻል ይሉኛል። የምኖርበት የለኝም ስል፣ እንግዲያው አትመዘገቢም ይሉኛል። ታዲያ የት ነኝ ልበላቸው?»

ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለእሳቸው መልስ ለመስጠት ስል ስለ ኩባቱራ ንግድ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን በቀላል ቋንቋ ላስረዳ።

የዚህ አሠራር አንዱ ቀደምት ምሳሌ ለብዙዎቻችን ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የሚገኘው የሞንትጎመሪ አውራጃ፣ ማለትም ብዙ ዘመዶቻችን የሰፈሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕግ አወጣ። 50 ወይም ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ባለሀብት ከሚሠራው 15 በመቶውን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በተወሰነ ዋጋ እንዲያቀርብ ተገደደ። በምላሹ ከተፈቀደለት በላይ እስከ 20 በመቶ ጨምሮ እንዲሠራ ተፈቀደለት። እናስላው። 100 ቤት የተፈቀደለት ሰው 120 ይሠራል። ከ120 ውስጥ 15 በመቶው 18 ነው፤ እነዚህን በርካሽ ይሰጣል። 102 ቤት ይቀረዋል፤ ያንን በገበያ ዋጋ ይሸጣል። በፊት ይሸጥ የነበረው 100 ነበር፤ አሁን 102። ለተጨማሪዎቹ ቤቶች የመሬት ዋጋ አልከፈለም። ድኻው 18 ቤት አገኘ፣ ሠሪው አልከሰረም፣ አውራጃው ከካዝናው ገንዘብ አላወጣም። በዚህ መንገድ በሞንትጎመሪ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ10 ሺህ በላይ ቤት ተሠርቷል። ካሊፎርንያም እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም፤ በደንብ ከተያዘ ይሠራል።

ወደ ሮም እንመለስ። ሮም ያለችበት የላትሲዮ ክልል እ.ኤ.አ. በ2009 «ፒያኖ ካዛ» የተባለውን ቁጥር 21 ሕግ አወጣ፤ በ2011 ደግሞ አሻሻለው። በተሻሻለው ሕግ መሠረት መኖሪያ ያልነበረን ሕንፃ፣ ለምሳሌ ባዶ የቀረ ቢሮን፣ ወደ መኖሪያ የሚለውጥ ባለቤት ስፋቱን እስከ 30 በመቶ እንዲጨምር ተፈቀደለት። በምላሹ ቢያንስ 30 በመቶውን በተመጣጣኝ ኪራይ ለማከራየት ግዴታ ገባ። ልብ በሉ! ባዶ የቀረ ቢሮ! ሰላም ፓላስን ያየ ሰው ይህን አንቀጽ ሲያነብ «ይኸማ ስለ እኛ ቤት የተጻፈ ነው» ማለቱ አይቀርም። ያ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ጊዜው አልፎ «የከተማ እድሳት» በተባለው ቁጥር 7 ሕግ ተተካ፤ እሱም ቢሆን አፍርሶ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ስፋት ይሰጣል።

የሮም ማስተር ፕላንም የራሱ ብልሃት አለው። ኮሙኔው ከተለመደው በላይ ኩባቱራ ሲሰጥ ከዚያ ከሚገኘው የዋጋ ጭማሪ 66.6 በመቶውን፣ ማለትም ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ባለሀብቱ ለሕዝብ ይከፍላል። ባለመሬቶች ይህን በፍርድ ቤት ተቃውመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የበታቹ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የበላዩ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሽሮ ለኮሙኔው ፈረደ። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ከሰማይ የሚወርደው ፎቅ የባለሀብቱ ብቻ አይደለም። የከተማው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ሠሪው የሚቀበለው ከሕዝብ እጅ ነው፤ ስለዚህ ዋጋውን ለሕዝብ መመለስ አለበት።

ታዲያ ዋጋው ይመለሳል? ይህን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ስንት ቤት? ለስንት ዓመት? ለማን?

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሁሉም ይጠይቀዋል፣ ጋዜጣም ይጽፈዋል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞንትጎመሪ መጀመሪያ ላይ ለሽያጭ የቀረቡት ቤቶች በርካሽ ዋጋ የሚቆዩበትን ጊዜ 5 ዓመት ብቻ አደረገው። ጊዜው ሲያልቅ ቤቶቹ በገበያ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ፤ ለድኻ የተሠራው ቤት ከድኻ እጅ ወጣ። አውራጃው ስሕተቱን አይቶ ጊዜውን ወደ 10፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሽያጭ 30 ዓመት፣ ለኪራይ 99 ዓመት አደረሰው። በጣልያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሚኒስቴር ድንጋጌ «ማኅበራዊ ቤት» ለሚባለው የኪራይ ቤት የወሰነው ቢያንስ 8 ዓመት ነው። ስምንት ዓመት ምንድን ነው? አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛን እስኪጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ተጨማሪው ፎቅ ግን ለዘላለም የእሱ ሆኖ ይቀራል። ሕዝብ የሰጠው ዘላለማዊ፣ ሕዝብ የተቀበለው የስምንት ዓመት! ገበያ የምትወጣ እናት እንዲህ ያለ ልውውጥ ብታይ «ወዲያ በሉ» ትላለች።

መቆጣጠርም ያስፈልጋል። በሮም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው በቁጥር 167 ሕግ መሠረት፣ በሕዝብ መሬት ላይ በተወሰነ ዋጋ እንዲሠሩ ከታዘዙት ሰፈሮች በአንዳንዶቹ፣ ሠሪዎቹ ከተወሰነው በላይ ሲያስከፍሉ መኖራቸው ኋላ ላይ ታውቆ ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተዋል። እነዚያ ነዋሪዎች የአገሩ ዜጎች ናቸው፤ ጣልያንኛ ተናጋሪዎች፤ ጠበቃ የሚያውቁ። በእነሱ ላይ ይህ ከደረሰ በእኛ ላይ ምን ሊደርስ ይችላል ብሎ ማሰብ ፈሪነት አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «ለማን?» የሚለው፣ የእትዬ ጥያቄ ነው። በተመጣጣኝ ኪራይ የሚሰጠው ቤት በአብዛኛው የታሰበው ለፖሊስ፣ ለአስታማሚ፣ ለወጣት ባልና ሚስት፣ ማለትም ለካዛ ፖፖላሬ ገቢያቸው በዝቶ፣ ለገበያው ኪራይ ግን ላነሳቸው ሰዎች ነው። እነሱም ችግረኞች ናቸውና አልቀናባቸውም። ነገር ግን የእኛ ሰው ከሁለቱም ወንበር መካከል ይወድቃል። ሽማግሌ ስትጦር የምትውል ሴት ደመወዟ ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በእጅ ነው። ማታ በምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ ወንድማችን ውሉ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። «ቋሚ ገቢ አሳይ» ሲባል የሚያሳየው የለውም።

ከሁሉም የከፋው ግን የሬዚዴንሳው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 የጣልያን መንግሥት ስለ ቤት እጦት አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ፤ ቁጥሩ 47 ነው፤ በዚያው ዓመት ቁጥር 80 ሕግ ሆኖ ጸደቀ። የድንጋጌው አንቀጽ 10 ማኅበራዊ ቤት ለሚሠራ ባለሀብት በሩን ይከፍታል። አፍርሶ እንዲሠራ፣ የሕንፃውን አገልግሎት እንዲለውጥ ያመቻችለታል። የዚያው ድንጋጌ አንቀጽ 5 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሕንፃ ውስጥ የገባ ሰው በዚያ አድራሻ ሬዚዴንሳ እንዳይጠይቅ፣ መብራትና ውሃም በስሙ እንዳያስገባ ይከለክላል። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአምስት አንቀጽ ልዩነት፣ ለሠሪው ሰማይ ተከፈተለት፣ ለቤት አልባው ምድር ተዘጋችበት። ሬዚዴንሳ የሌለው ሰው የቤት ሐኪም ለማግኘት ይቸገራል፤ ለቤት ማመልከቻ ለማስገባት ይቸገራል፤ ስደተኛ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የ5 ዓመት ነዋሪነትም አይቆጠርለትም።

«ሕግ ነው፤ የሰው ሕንፃ ሰብሮ መግባት ወንጀል ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። እኔም የሰው ንብረት መያዝን አላወድስም። ነገር ግን ጣልያን ያለ ፈቃድ ለተሠራ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ1994 እና በ2003 ሦስት ጊዜ ምሕረት አውጇል፤ መቀጮ የከፈለ ሁሉ ቤቱ ሕጋዊ ሆነለት። የሮም ዳርቻ ሰፈሮች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የተወለዱት። ያ ምሕረት መጥፎ ነበር አልልም፤ ቤት ያስፈለገው ሰው የሠራው ነውና። የምለው፣ ችግርን አይቶ ሕግን የሚያለዝብ መንግሥት ለአንዱ አልዝቦ ለሌላው ማጥበቁን እንመዝግብ ነው።

ማጥበቁ ወዴት እንደሚያመራም አይተናል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2017 በቴርሚኒ አጠገብ በቪያ ኩርታቶኔ ከነበረው ሕንፃ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ከነልጆቻቸው ተባረሩ። የሚሄዱበት አጥተው በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሜዳ ላይ አደሩ። ነሐሴ 24 ቀን ማለዳ ፖሊስ በውሃ መድፍ በተናቸው። ያም ሕንፃ የቢሮ ሕንፃ ነበር፤ ስደተኞቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመግባታቸው በፊት ባዶውን የቆመ። ከሮም ባዶ ቢሮዎች አንዱ እንኳ በ30 በመቶው ደንብ ታድሶ ለእነዚያ ቤተሰቦች ቢደርስ ኖሮ ያ ቀን ባልመጣ ነበር።

ይህ የሮም ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም መሬቱ የመንግሥት፣ ሠሪውም መንግሥት ሆኖ ሳለ ያው «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ገጥሞታል። በ2013 በተደረገው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ዕጣ ከወጣላቸው ድኾች ብዙዎቹ ቅድሚያ ክፍያውንና የባንኩን ዕዳ መቻል አቅቷቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው ወደ ደሳሳ ጎጆ ተመለሱ። ቤቱ ለድኻ ተሠራ፤ የኖረበት ግን ሌላ ሰው ሆነ። ዛሬ በአገር ቤት ፎቅ የሚገዙ ወገኖቻችንም ቢሆኑ ያ ፎቅ ሲፈቀድ ከሥሩ የተነሣው ሰው የት እንደገባ ቢጠይቁ መልካም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ጽሑፌን በለቅሶ ብቻ ልቋጨው አልፈልግም፤ ለቅሶማ ሞልቶናል።

አንደኛ፣ ሬዚዴንሳ። ከ2017 ጀምሮ ሕጉ ራሱ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ላሉበት ቤተሰብ ከንቲባው ከአንቀጽ 5 ውጭ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። የሮም ከንቲባ ሮቤርቶ ጓልትዬሪም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ይህን የሚመለከት መመሪያ አውጥተዋል። ልጅ ያለው፣ ሕመምተኛ ያለው፣ ሽማግሌ ያለው ሁሉ «አይቻልም» የተባለበትን የድሮ መልስ ይዞ አይቀመጥ፤ እንደገና ይጠይቅ። ቤት የሌለው ሰው ደግሞ ኮሙኔው ለቤት አልባዎች በመደበው በቪያ ሞዴስታ ቫሌንቲ ስም የመመዝገብ መንገድ አለው። መንገድ ላይ የሌለ የወረቀት አድራሻ ቢሆንም ከባዶ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሠሪና ኮሙኔ ስለ ኩባቱራ ሲደራደሩ ዝም ብለን አንይ። በሮማኒና ሜዳ ላይ አንድ ቀን ግንባታ መጀመሩ አይቀርም። የሰፈሩ ጣልያኖች ስብሰባ ሲጠሩ መጥተው የሚጠይቁት ስለ ትራፊክ፣ ስለ መናፈሻና ስለ ሜትሮ ነው፤ ደግ ያደርጋሉ። ከእኛም ጣልያንኛ የሚችሉ ልጆቻችን ይሂዱና ሦስቱን ጥያቄ ይጠይቁ። ስንት? ለስንት ዓመት? ለማን? ከርካሾቹ ቤቶች ከለላ ላገኙ ስደተኞች የሚሆን ድርሻ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ከሆነ ቦኖውን ሳትይዙ ዕቃ እንደ መግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን ከመዋጮና ከድግስ ባሻገር አንድ የሥራ ክፍል ያቋቁሙ። ሥራው አንድ ብቻ ይሁን፤ የቤት ማስታወቂያ ሲወጣ አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ ቅጽ አስሞልቶ በቀኑ ማስገባት። በዕቁብ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችል ሕዝብ በዕቁብ ወረቀት መሰብሰብ አያቅተውም።

አዲስ ቤት ስንገባ «ቤት ለእምቦሳ» እንባባላለን። ሰላም ፓላስ ከተያዘ ብዙ ዓመት ሆነው፤ እዚያ ልጅ ተወልዷል፣ ሠርግ ተደግሷል፣ ለቅሶም ተቀምጠናል። ቤት ለእምቦሳ የተባለበት ቀን ግን የለም፤ ነገ ያስወጡን ይሆናል እየተባለ የሚታደርበት ቤት ነውና። የሮማኒና ሰማይ ሊሸጥ ነው። ሻጩ ኮሙኔው ነው፤ ኮሙኔው ደግሞ የነዋሪው ነው፤ እኛም ነዋሪዎች ነን። ከሽያጩ ድርሻችንን መጠየቅ ምጽዋት መለመን አይደለም።